18 የተጻፈበት ጌም ለ11 ዓመት ልጅ፦ ማነው መከልከል ያለበት?

ጥያቄ፦ «ጅማ ቆጪ ነው የምንኖረው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መርካቶ አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፣ ቅዳሜማ እዛው ነው የሚውለው። ባለፈው ስፈልገው ሄጄ ሰው በመኪና የሚገጭበት፣ ፖሊስ ላይ የሚተኮስበት ጂቲኤ ፋይቭ የሚሉትን ጌም ሲጫወት አገኘሁት፣ ቤት ገብቼ በስልኬ ሳየው 18 ይላል። የቤቱን ባለቤት ስጠይቀው ‹እናት ሁሉም ልጅ ነው እኮ የሚጫወተው› አለኝ። ወንድሜ ደሞ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው፣ ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ነው የቻለው ይለኛል። ይሄ የእድሜ ገደብ በጥብቅ መከበር የለበትም ወይ? ቀበሌ ሄጄ አዘጉልኝ ልበል ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?»

ምላሽ፦

አላጋነንሽም። 18 የተባለ ጌም ለ11 ዓመት ልጅ በጥብቅ መከልከል አለበት፣ እዚህ ላይ ወዲያ ወዲህ የምልበት ነገር የለኝም። ማን ይከልክል የሚለው ላይ ግን አንቺ ካሰብሽው ለየት ያለ መልስ ነው የምሰጥሽ፣ ምክንያቱም ይሄ ቁጥር ሲሠራ የታሰበው ሱቅ ቆሞ ዲስክ ለሚሸጥ ሰው ነው፣ ሻጩ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያያል፣ ልጁን ያያል፣ ከዛ አልሸጥልህም ይላል። እኛ ጋ ጌሙ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፣ ሽፋን የለውም፣ ሽፋን ከሌለ ቁጥርም የለም። ልጅሽ ያን ጌም ስንት ወር ሲጫወት 18 የሚለውን ምልክት አንዴም ላያየው ይችላል፣ አንቺም ያወቅሽው ስልክሽ ላይ ስለፈለግሽ ነው።

መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር ላስተካክል፣ ይሄን ስህተት ከብዙ አባትና አጎት ስለምሰማው ትንሽ ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው። ቁጥሩ የጌሙን ክብደት አይናገርም። የእግር ኳሱን ጌም እዪው፣ ልጆቹ ፊፋ የሚሉትን፣ አውሮፓ ውስጥ የተሰጠው ቁጥር 3 ነው፣ ግን ለ5 ዓመት ልጅ ጆይስቲኩን ብትሰጪው አንድ ፓስ እንኳን አያደርስም። ጂቲኤ ፋይቭን ግን መኪና ማስነሳትና መተኮስ ስለሆነ እጁ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ቁጥሩ የሚናገረው ውስጡ ምን አለ የሚለውን ነው፦ ደም፣ ስድብ፣ እርቃን፣ አደንዛዥ እጽ፣ ቁማር፣ የሚያስፈራ ነገር። ይሄ ጌም 18 የሆነው በመኪና ስለሚገጭ ብቻ አይደለም፣ አንድ ሰው ታስሮ የሚሰቃይበት ክፍል አለው፣ የሚያሰቃየው ደሞ ራሱ ተጫዋቹ ነው፣ መሣሪያውን እየመረጠ አዝራር እየተጫነ። ሴቶች ተራቁተው የሚጨፍሩበት ቤትም አለው። የልጅሽ ጣት ፈጣን ነው፣ እሺ ጎበዝ፣ ግን ጣቱ ፈጣን ስለሆነ ልቡ ለዚህ ደርሷል ማለት አይደለም።

«የፈረንጅ ቁጥር ነው» ያለው ውስጥ ትንሽ እውነት አለበት፣ እሱን አልክድም። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ ማይንክራፍት የሚባለው ብሎክ የመገንቢያ ጌም አውሮፓ ላይ 7 ሲሆን አሜሪካ ላይ 10 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ደም ምርመራ ውጤት አይደለም፣ የሰዎች ግምት ነው። ግን እስቲ አስቢው፣ በእርቃንና በስድብ ጉዳይ ከኛ ላላ ያሉት ሰዎች እንኳን 18 ብለው ካቆሙት እኛ ወደታች የምናወርድበት ምን ምክንያት አለን? ወንድምሽ ይሄን ጌም ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብሎ ያየው ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ብዙ ወላጅ ውጭ አገር ፖሊስ ነው የሚያስከብረው ብሎ ያስባል፣ እንደዛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ አገር ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም ደም በዛበት ተብሎ ሴኔቱ ስብሰባ ጠራ፣ የጌም ካምፓኒዎቹ መንግሥት ሕግ ሳያወጣብን ራሳችን እንቅደም ብለው በ1994 ኢኤስአርቢ የሚባለውን ደረጃ ሰጪ አቋቋሙ። ሕግ አይደለም፣ ስምምነት ነው። እንደውም ካሊፎርኒያ ድብደባና ግድያ የበዛባቸውን ጌሞች ለልጅ መሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሻረባት። የአውሮፓው ፔጊ በ2003 ነው የጀመረው፣ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 የሚሉት ቁጥሮች የሱ ናቸው፣ እሱም በብዙ አገር ምክር ነው፣ እንግሊዝ ግን በ2012 ከ12 ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች ለሻጩ ሕግ አደረገቻቸው፣ ጀርመን ደሞ የራሷ የሆነ ዩኤስኬ የሚባል አላት፣ ከ2003 ጀምሮ በሕግ ነው የሚከበረው።

እና ሕግ በሌለበት አሜሪካ ምን ሆነ መሰለሽ። የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልጆችን ያለወላጅ ወደ ሱቆች እየላከ ከ17 በላይ የተባለ ጌም ይሸጡላቸው እንደሆነ ይፈትን ነበር። በ2000 ከ100 ልጅ 85ቱ ገዝቶ ወጣ። በ2013 ባወጣው ውጤት 13ቱ ብቻ። ፖሊስ አልገባበትም፣ የታሰረ ሻጭ የለም፣ ባንኮኒው ጋ የቆመው ሰው ስንት ዓመትህ ነው ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ነው ብሎ ስለያዘው ነው። እኔ ለጅማ የምፈልገው ይሄን ነው።

እኛ አገር እንደነሱ ጌም እያየ ቁጥር የሚሰጥ አካል የለም። እድሜን የሚያስከብር ሕግ ግን አለን፣ አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ «ይሄ በኛ ባህል አይሠራም» የሚለውን አልቀበልም። ግን ያው አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ሕጉ ያለበት ሰፈርና ሕጉ የሚከበርበት ሰፈር አንድ አይደለም፣ ሕግ የሚሠራው የመጨረሻው በር ላይ የቆመው ሰው ሲያምንበት ብቻ ነው። ኮሪያን እይ፣ ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወት በሕግ ዘጉ፣ ልጆቹ በእናት በአባታቸው መታወቂያ ቁጥር ገቡ፣ ቀሪው ደሞ ሕጉ ወደማይነካው የስልክ ጌም ዞረ፣ በ2022 መጀመሪያ ሕጉን አነሱት። ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ያለው አገር ማለት ነው። ቀበሌው የመርካቶውን ቤት ቢዘጋልሽ ልጅሽ በባጃጅ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነው የሚሄደው፣ ያኔ ደሞ የት እንዳለ እንኳን አታውቂም።

እዚህ ጅማ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ እና የጌም ቤት ችግር ብዙ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አይደለም ያለው። ሁሉም የሚያወራው ጆይስቲክ ስለያዘው ልጅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቀው ነው። አንድ እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛብኝ መጣች፣ ብቻውን አልተኛም ብሎ ሳምንታት ሆኖታል፣ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፣ ስጠይቀው እሱ የተጫወተው ኳስ ብቻ ነው፣ ውሸቱን አልነበረም። ግን ተራው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ትልልቆቹ የሚጫወቱትን አስፈሪ ጌም ሲያይ ነበር። ዝናብ ሲሆን፣ ጅማ ደሞ ዝናቡን ታውቂዋለሽ፣ ቤቱ ይሞላል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም የሦስተኛ ክፍሉም ልጅ አንድ ስክሪን ላይ ያፈጣል። ለ22 ዓመቱ ወጣት ያ ጌም ምንም አይደለም፣ መብቱም ነው፣ ከጎኑ ላለው ልጅ ነው ችግሩ። ስለዚህ «ልጄ እኮ ኳስ ብቻ ነው የሚጫወተው» የምትሉ ወላጆችም ሂዱና አግዳሚው ጋ ቁጭ በሉ።

«ጌሙ ልጄን ገዳይ ያደርገዋል ወይ» ብለሽ አልጠየቅሽም ግን ብዙ ሰው ውስጥ ያለ ፍራቻ ስለሆነ ልናገረው። አያደርገውም። የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር በ2020 ባወጣው አቋም ጌምን ከከባድ ወንጀልና ከግድያ ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፣ ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ግን ትንሽ ግን ደጋግሞ የሚታይ ግንኙነት አለ ብሏል። ስለዚህ ልጅሽን ሽፍታ ሊሆን ነው ብለሽ አታስፈራሪው፣ እሱ ራሱ ገዳይ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ሌላውንም ቃልሽን መስማት ያቆማል። እኔ 18ን የምከለክልበት ምክንያት ሌላ ነው። 11 ዓመት ልጁ ሰው እንዴት ይከበራል፣ ወንድና ሴት እንዴት ይኖራሉ፣ ሲናደዱ ምን ይደረጋል የሚለውን እያጠራቀመ ያለበት ጊዜ ነው። ፊልም ላይ ሌላ ሰው ሲያደርግ ያያል፣ እዚህ ግን የሚያደርገው እሱ ነው፣ ነጥብ የሚያገኝበትም እሱ ነው፣ እና አጠገቡ ቆሞ «ይሄ ትክክል አይደለም» የሚለው ትልቅ ሰው የለም። ትልቅ ሰው ይሄን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ልጅ ገና መለየቱን እየተማረ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ፣ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻ እፎይ እንዳትይ። 3 የተባለው የኳስ ጌም ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ የተጫዋቾች ጥቅል አለ፣ ውስጡ ማን እንዳለ ሳይታወቅ ነው የሚገዛው፣ ቤልጂየም በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ካምፓኒው እዛ አገር መሸጡን አቆመ። ኦንላይን ቻት ላይ ማን ልጅሽን እንደሚያናግረውም ቁጥሩ አይነግርሽም፣ ቁጥሩ የሚመዝነው ጌሙን ነው፣ ከወዲያ ማዶ ያለውን ሰው አይደለም። ስንት ሰዓት መጫወት እንዳለበትም አይናገርም። እኛ ሰፈር ደሞ የትም ያልተጻፈ አንድ ሕግ አለ፣ ተሸናፊ ከፋይ። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ይከፍላል፣ ከዛ ልመልስ ብሎ ይደግማል፣ ከዛ በብር መወራረድ ይመጣል፣ ከዛ ከቤት ሳንቲም መጥፋት ይጀምራል። ከወላጅ ጋር ከተጣሉ ልጆች ብዙዎቹን ያጣላቸው ደሙ ሳይሆን ይሄ ነው፣ እሱም የሆነው 3 የተባለው ጌም ላይ ነው። ልጅሽን «ስትሸነፍ ማን ይከፍላል?» ብለሽ ጠይቂው፣ ብዙ ነገር ትሰሚያለሽ።

ስለ ስልኩ አጭር ላድርገው። ፕሌይስቶር ላይ የምታዪው ቁጥር ጌሙን የሠራው ሰው መጠይቅ ሞልቶ የሚወጣለት ነው፣ ከ2015 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ ተጫውቶ አላየውም፣ ስለዚህ ትልቅ ስም ያለውን ጌም ቁጥር እመኚ፣ ስሙ የማይታወቀውን ራስሽ ከፍተሽ እዪ። መቆለፍ ከፈለግሽ ፕሌይስቶር ገብተሽ ከላይ ያለውን ፎቶ ትነኪያለሽ፣ ሴቲንግ፣ ፋሚሊ፣ ፓረንታል ኮንትሮል፣ ኦን አድርገሽ እሱ የማያውቀውን ፒን ታስገቢያለሽ፣ 12 ላይ አቁሚው። ይሄ ግን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያለውን ጌም አያጠፋም፣ በቴሌግራም ወይ ከጓደኛ ስልክ የሚላከውን ፋይልም አይከለክልም፣ እና የኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት በዛ ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ካልታወቀ ቦታ አፕ መጫንን የሚፈቅደውን ለቴሌግራምም ለፋይል ማላላኪያውም አጥፊው። ልጁ የራሱ ስልክ ካለው ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የጉግል አፕ ይሻላል፣ ሰዓትም ይገድባል። ቆልፌዋለሁ ብለሽ ግን አትተኚ፣ የ11 ዓመት ልጅ ፒን ስትጽፊ ጣትሽን ያያል።

ሱስ ሆኖበት ይሆን ካልሽ ደሞ፣ ቅዳሜ ሙሉ መጫወት ብቻውን ሱስ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሕመም ብሎ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው መለኪያ አለ፣ ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው እያየ ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። ልጅሽ ትምህርቱን እየተማረ፣ ከጓደኛ ጋር እየተጫወተ፣ እየበላ እየተኛ ከሆነ እዛ አልደረሰም። እንቅልፉ ከተበላሸ፣ ትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረ፣ ስትከለክዪው እቃ የሚሰብር ከሆነ ግን 12 ወር አትጠብቂ፣ ጤና ተቋም ውሰጂው፣ እዚሁ ከተማ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል አለ፣ ማንም «እብድ ነው» አይልሽም።

እንግዲህ ምን ታድርጊ። ሙሉ በሙሉ መከልከል አለ፣ አልመክርሽም፣ ጓደኞቹ ሁሉ እዛ ናቸው፣ ከነሱ ነጥለሽው ቤት ስታስቀምጪው ተደብቆ መሄድ ነው የሚማረው። ጓደኞቹ ስለሚጫወቱ ዝም ማለትም አለ፣ እሱንም አልመክርም፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ 18 የተባለው እስከ 18ቱ በጭራሽ፣ 16 የተባለው አሁን አይሆንም፣ 12 የተባለው አንቺ ወይ አጎቱ ጎኑ ካላችሁ፣ ከዛ በታች ያለውን ሰዓት ወስነሽለት ይጫወት። ድርድር የሚገባው ሰዓቱ ላይ እንጂ 18ቱ ላይ አይደለም።

የቤቱን ባለቤት ደሞ ብቻሽን አታናግሪው፣ ብቻሽን ስትሄጂ «እናት» ብሎ ይሸኝሻል። የሰፈር ወላጆች አራት አምስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቀን ላይ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ሳትቆጡ። እንጀራው መሆኑን እንደምታውቁ ንገሩትና ሦስት ነገር ጠይቁት። 18 የሆኑትን ጌሞች አንድ ማሽን ላይ ብቻ ያድርግና ያ ማሽን ጀርባውን ለአግዳሚው ይስጥ። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ማታ 12 ሰዓት ያ ማሽን ኳስና የመኪና ውድድር ብቻ ያጫውት። የብር ውርርድ ቤቱ ውስጥ አይደረግ። ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ራሱ የእድሜ መቆለፊያ አለው፣ ኮዱ ከፋብሪካ ሲመጣ 0000 ስለሆነ ይቀይረው፣ ተገልብጦ የተጫነ ጌም ላይ ግን በመቆለፊያው ብቻ አይተማመን፣ ዓይኑን ይጠቀም። ብዙ ባለቤቶች ራሳቸው ወጣቶች ናቸው፣ ታናሽ ወንድም እህት አላቸው፣ ሰው አክብሮ ሲጠይቃቸው እሺ ይላሉ። እምቢ ካለ ያኔ ቀበሌ ሂዱ፣ «ዝጉት» ሳይሆን «እነዚህን ሦስት ነገሮች ያክብር» ብላችሁ፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ አስተዳደሩ ልጆችን በሚነካ ጉዳይ የልጅን ደህንነት ማስቀደም አለበት ይላል። ከተማው አንድ ቀን ይሄን ለጌም ቤቶች ሁሉ ደንብ ቢያደርገው ደስታዬ ነው፣ ልጅሽ ግን እስከዛ ድረስ ሊጠብቅ አይችልም።

ከዛ በፊት ግን የፊታችን ቅዳሜ ከልጅሽ ጋር አብረሽ ሂጂ። አታፍሪ፣ ትንሽ ይሳቅብሽ ይሆናል፣ ይሳቁ። የኳሱን ጌም ክፈትልኝ በይው፣ ጆይስቲኩን እንዴት እንደሚያዝ እሱ ያስተምርሽ፣ አምስት ዜሮ ያሸንፍሽ። ወደ ቤት ስትመለሱ መንገድ ላይ ያን 18ቱን ጌም ለምን እንደከለከልሽው ንገሪው፣ ውስጡ ያለውን በስሙ እየጠራሽ፣ ከዛ ዝም ብለሽ የሚመልስልሽን ስሚ።